ቸርችል ጦርነቱን አሸንፎ ምርጫውን እንዴት ተሸነፈ? (የ1945ቱ የእንግሊዝ ምርጫ)

የቀበና ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን በሌላ ክር ላይ አንድ ወንድማችን «ሕዝብ ሲባል ውለታ ቢስ ነው፤ እንግሊዞች እንኳ ሂትለርን ያሸነፈላቸውን ቸርችልን በሁለት ወሩ አባረሩት» ብሎ ጽፎ ብዙ ሰው ተስማምቶለት አየሁ። ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው ኖሬአለሁ። እኔ በፍጹም አልስማማበትም፤ ስለዚህ በሰፊው ልጻፍ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጀርመን በሜይ 1945 እጅ ሰጠች። ጁላይ 5 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ውጤቱ የተነገረው ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጁላይ 26 ነው፤ ባሕር ማዶ የነበሩት ወታደሮች የሰጡት ድምፅ ተጓጉዞ እስኪደርስ መጠበቅ ነበረበትና። ሲቆጠር ሌበር (የሠራተኛው) ፓርቲ 393 ወንበር፣ ወግ አጥባቂዎቹ ከአጋሮቻቸው ጋር 213 ሆኑ። ቸርችል በዚያው ሰሞን ፖትስዳም ላይ ከስታሊንና ከትሩማን ጋር ተቀምጦ ነበር፤ ውጤት ለመስማት ወደ ለንደን መጣ፣ ወደ ስብሰባው የተመለሰው ግን የሌበር መሪ ክሌመንት አትሊ ነው።

አሁን ወደ «ውለታ ቢስ» እንምጣ። የቀደመው ጠቅላላ ምርጫ የተደረገው በ1935 ነው። ድምፅ መስጫ ዕድሜ 21 ስለነበር፣ በ1945 ከሠላሳ ዓመት በታች የነበረ ሰው ሁሉ በጠቅላላ ምርጫ ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። ከእነሱ በላይ ያሉት ደግሞ ያለፈውን ጦርነት ማግስት በአካል የኖሩ ናቸው። በ1918 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ «ለጀግኖች የምትመጥን አገር» እሠራለሁ ብሎ ተመረጠ። የመኖሪያ ቤት ግንባታው ተጀመረ፤ በ1922 የበጀት ቅነሳ መጣና አብዛኛው ቆመ። ከዚያ ሥራ አጥነት ተከተለ፤ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ሥራ ያጣው ሰው ወደ ሦስት ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

ከሁሉ የመረረው ግን በ1931 የመጣው የቤተሰብ ገቢ ምርመራ ነው። ልብ ብላችሁ አስቡት። አባት ከመርከብ ፋብሪካው ተባሯል፤ ድጎማ ይጠይቃል። ተቆጣጣሪው ቤት ድረስ መጥቶ ማን ማን እንደሚኖር፣ ማን ምን እንደሚያገኝ ይመዘግባል፤ የሚሸጥ ዕቃ ካለም ያያል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሱቅ ተላላኪ ሆኖ ጥቂት ሺሊንግ የሚያመጣ ከሆነ ያ ከአባቱ ድጎማ ይቀነሳል። አባት በልጁ እጅ ሊኖር ነው ማለት ነው። ልጆች የወላጆቻቸው ድጎማ እንዳይነካ ብለው ቤት ለቀው የወጡበት ጊዜ ነው። ይህን ያየ ትውልድ ነው በ1945 ካርዱን ይዞ የወጣው፤ ያንን ዘመን ሲያስተዳድሩ የቆዩት ደግሞ በአብዛኛው ወግ አጥባቂዎቹ ነበሩ።

ቸርችልን ሕዝቡ አልጠላውም። በመኪና ሲዞር በየመንገዱ ይጨበጨብለት ነበር። ነገር ግን አጨብጭበው ሲያበቁ ሄደው ሌላ መረጡ፤ ለጦርነቱ አመሰገኑት፣ ለሰላሙ ሌላ ሰው ፈለጉ። በራሱ የምርጫ ክልል በዉድፎርድ ሌበርም ሊበራልም ለክብሩ ሲሉ ተወዳዳሪ አላቆሙበትም፤ አንድ በግሉ የቀረበ ገበሬ ግን ከ10,000 በላይ ድምፅ አገኘ። ጁን 4 በራዲዮ ቀርቦ «ሶሻሊስቶች ጌስታፖ (የሂትለር ምሥጢር ፖሊስ) የመሰለ ነገር ሳያቋቁሙ መግዛት አይችሉም» የሚል ንግግር ማድረጉም ብዙ ጎዳው። አትሊ እኮ ለዓመታት የእሱ ምክትል ነበር። ቤቪን የሥራ ሚኒስትር፣ ሞሪሰን የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሆነው ጦርነቱን አብረውት መርተዋል። ሰው በየቀኑ ሲያያቸው የኖሩ ሚኒስትሮችን ጌስታፖ ብትለው ማን ያምንሃል?

አንባቢው

ወንድም የቀበና ልጅ፣ አጻጻፍህ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ዋናውን ጥያቄ አለፍከው። «ምርጫው እንግሊዝን ለወጠ» የሚባለው ነገር ምኑ ነው? የማኅበራዊ ዋስትናውን ዕቅድ የነደፈው የቤቨሪጅ ሪፖርት የወጣው በዲሴምበር 1942፣ በቸርችል ጥምር መንግሥት ዘመን ነው። ቤቨሪጅ ራሱ ሊበራል ነበር፤ እንዲያውም በዚያው ምርጫ ወንበሩን ተነጠቀ። የ1944ቱን የትምህርት ሕግ ያወጣው በትለር ወግ አጥባቂ ነው። የልጆች አበል ሕግም ምርጫው ሳይደረግ በጁን 1945 ጸድቋል። ጤናውም ቢሆን ጥምር መንግሥቱ በ1944 የራሱን ዕቅድ አሳትሟል። ታዲያ ማንም ቢመረጥ እንግሊዝ ወደዚያው ነበር የምትሄደው። አትሊ የተዘጋጀ ማዕድ ላይ ነው የደረሰው።

የቀበና ልጅ

አንባቢው፣ የጠቀስከው ሁሉ እውነት ነው። መደምደሚያህ ግን አይከተልም።

ቤቨሪጅ ችጋር፣ በሽታ፣ ድንቁርና፣ የኑሮ ጉስቁልናና ሥራ ማጣት ብሎ አምስቱን ጠላቶች ሲዘረዝር ሕዝቡ ለመግዛት ተሰለፈ፤ የመንግሥት ሪፖርት እንደዚያ ሲሸጥ ታይቶ አይታወቅም። መንግሥት ግን አመነታ። በፌብሩዋሪ 1943 ፓርላማ ሲወያይበት የገንዘብ ሚኒስቴሩ ወገን «ወጪውን ከጦርነቱ በኋላ እናያለን» አለ፤ የሌበር ተራ አባላት በገዛ መሪዎቻቸው ላይ አምፀው ድምፅ ሰጡ። ሰው ይህን በጋዜጣ አንብቧል። ማን እንደቸኮለ፣ ማን እንዳመነታ ያውቅ ነበር።

ጤናውን ለብቻው ልንገርህ፤ ክርክሬ ያለው እዚያ ላይ ነው። በ1944ቱ ዕቅድ ሆስፒታሎቹ በነበሩበት ይቀጥሉ ነበር። ግማሾቹ የበጎ አድራጎት ናቸው፤ የሚኖሩት በመዋጮና በለጋሽ ነው። ግማሾቹ የማዘጋጃ ቤት ናቸው፤ ብዙዎቹም ከድሆች መጠለያነት የተለወጡ ነበሩ። ሀብታም ከተማ ጥሩ ሆስፒታል አለው፣ የድሃ ወረዳ የለውም። አኑሪን ቤቫን የጤና ሚኒስትር ሲሆን ያንን ዕቅድ ወደ ጎን አለና ሁሉንም በመንግሥት እጅ አደረጋቸው፤ በእንግሊዝና በዌልስ ከ2,600 በላይ ሆስፒታሎች። ወጪው በአብዛኛው ከአጠቃላይ ግብር፤ ታማሚው ሲመጣ ምንም አይጠየቅም። ይህ ማንም ያዘጋጀለት ማዕድ አልነበረም። በራሱ ካቢኔ ውስጥ እንኳ ሞሪሰን የለንደን ማዘጋጃ ቤት ሰው ስለነበር አጥብቆ ተቃውሞታል። በ1946 ሕጉ ለፓርላማ ሲቀርብ ወግ አጥባቂዎቹ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ንባብ ተቃውመው ድምፅ ሰጥተዋል። ማንም ቢመረጥ ያው ነበር የምትለኝን በምን ልቀበለው?

ቤቫን የመጣበትንም እይ። በደቡብ ዌልስ ትሬዴጋር የምትባል የከሰል ከተማ ተወልዶ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ጉድጓድ ገባ። እዚያ ከተማ ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው በየሳምንቱ ጥቂት እያዋጡ ሐኪምና ሆስፒታል ለቤተሰባቸው ያቆሙበት ማኅበር ነበር። እኛ ዕድር ብንለው አንሳሳትም፤ ልዩነቱ ለቀብር ሳይሆን በሕይወት ላለ ሰው መሆኑ ነው። ቤቫን ያንን ነው ወደ አገር ያሳደገው።

ነርሷ ከሊድስ

ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፤ ዛሬ ግን ልጽፍ። የምሠራው አረጋውያን በሚተኙበት ክፍል ነው። አንዲት ዘጠና ዓመት የተሻገራቸው እናት አሉ፤ ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ያጫውቱኛል። አባታቸው የከሰል ሠራተኛ ነበሩ። «አባቴ ሐኪም ቢያየው ኢንሹራንሱ ይከፍልለታል፤ እናቴ ግን ምንም አልነበራትም» አሉኝ። የሎይድ ጆርጅ የ1911 ኢንሹራንስ ሠራተኛውን እንጂ ሚስቱንና ልጆቹን አያካትትም ነበር። ለሐኪም የሚሆን ሳንቲም በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ከመደርደሪያው ላይ ይቀመጣል፤ ከታመመ ልጅ በስተቀር ማንም አይነካውም። እናትየው ከመጨረሻው ልጃቸው ወዲህ ማኅፀናቸው ወርዶ ለዓመታት በጨርቅ አስረው፣ ልብስ እያጠቡ፣ ውሃ እየተሸከሙ ኖረዋል። ለማንም አልተናገሩም። በ1948 በጋ ብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ እንደተጀመረ ከጎረቤታቸው ጋር ተያይዘው ሐኪም ቤት ሄዱ፤ መንገዱ ላይ ጎረቤታቸውም ያንኑ ሕመም ይዘው ኖረው እንደነበር ተጫወቱ።

ብዙ ሐኪሞች በዚያን ሰሞን የመጡት ሴቶች ደብቀውት የኖሩት ሕመም አስደንግጧቸው እንደነበር ጽፈዋል። ስለ ወንበር ቁጥር ስትከራከሩ ይህንን ብታስቡት ብዬ ነው።

ጥያቄም አለኝ፤ ሐኪሞቹ ራሳቸው ተቃወሙ የሚባለው እውነት ነው ወይ?

መምህር ዘ

ልጄ፣ እውነት ነው። በፌብሩዋሪ 1948 የሐኪሞች ማኅበሩ አባላቱን ሲያስመርጥ ድምፅ ከሰጡት አሥሩ ዘጠኙ ያህል አንገባም አሉ። ፍርሃታቸው የመንግሥት ደመወዝተኛ መሆን ነበር። ቤቫን ሁለት ነገር አደረገ። ለሆስፒታል ስፔሻሊስቶቹ ጥሩ ክፍያ ሰጠ፣ የግል ታማሚም በመንግሥት ሆስፒታል አልጋ እንዲያክሙ ፈቀደ። በዚህ ረገድ ብዙ ያገዘው የሐኪሞች ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሎርድ ሞራን ነው፤ የቸርችል የግል ሐኪም የነበረው ሰው። ለሰፈር ሐኪሞቹ ደግሞ ደመወዝተኛ እንደማያደርጋቸው በሕግ አረጋገጠላቸው። ቀኑ ሲቀርብ ታማሚው ሁሉ ሊመዘገብ ሄደ፤ ታማሚው ከሄደ ሐኪሙ የት ይቀራል? ጁላይ 5 ቀን 1948 አገልግሎቱ ተጀመረ። ድምፅ ከተሰጠበት ቀን ልክ ሦስት ዓመቱ።

በዚያው ዕለት ብሔራዊ ኢንሹራንሱም ሥራ ጀመረ፤ የድሆች ሕግ የሚባለውም አከተመ። የ1948ቱ የብሔራዊ ዕርዳታ ሕግ የመጀመሪያ አንቀጽ ነባሩ የድሆች ሕግ ከእንግዲህ አይሠራም ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ታሪክ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ይህችን አንቀጽ ሳላነብ አላልፍም ነበር።

ግን ወጣቶቹ አንድ ነገር እንዳትረሱ አደራ። ይህ ሁሉ የተሠራው ካዝናው ባዶ በሆነ አገር ነው። ጃፓን እጅ እንደሰጠች አሜሪካ የጦር ዕርዳታውን ወዲያው አቋረጠች። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ኬንስ ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ብድር ይዞ ተመለሰ፤ የመጨረሻው ክፍያ የተከፈለው በ2006 ማብቂያ ነው። በጦርነቱ ጊዜ እንኳ በራሽን ያልነበረው ዳቦ ከ1946 እስከ 1948 በራሽን ሆነ። የ1947ቱ ክረምት ከሰሉን አስቆመ፣ ፋብሪካ ተዘጋ፣ ቤት በመብራት እጦት ጨለመ። በ1949 ፓውንዱ ከ4.03 ዶላር ወደ 2.80 ወረደ። የቤት እመቤቷ በሰልፍ ቆማ የዋለችበት ዘመን ነው፤ ሌበር ኋላ የከፈለበትም አንዱ ይኸው ነው።

የጎዴ መንገድ

ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል፤ ግን ከእኛ በኩል የሚታየውንም ማንሳት ግድ ነው። ያ «የድሃ መንግሥት» የምትሉት መንግሥት ለእኛ ምን ነበር? የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኧርነስት ቤቪን ነው። (ቤቫንና ቤቪን የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ለማያውቅ ልንገር።) ኦጋዴን ከ1941 ጀምሮ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበር። በ1946 ቤቪን የሶማሌ ግዛቶች ሁሉ፣ ኦጋዴንን ጨምሮ፣ በአንድ አስተዳደር እንዲጠቃለሉ ሐሳብ አቀረበ። የአገሩን ሠራተኛ ከሀብታም እጅ ያወጣ ሰው የእኛን መሬት በካርታ ላይ ይመድብ ነበር። ኦጋዴን የተመለሰው በ1948 ነው፤ ሐውድና የተከለለው አካባቢ ደግሞ በ1954 ስምምነት ተፈርሞ በ1955። በኤርትራም ላይ በ1949 ከጣሊያኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስፎርዛ ጋር የመከፋፈል ዕቅድ አውጥቶ የተባበሩት መንግሥታት ጣለው።

እና ምርጫው የእንግሊዝን ቤት ውስጡን ለወጠ፤ ውጪውን ግን ለእኛ አልለወጠውም። ይህን ሳይጨምር ስለ 1945 መጻፍ ጎደሎ ነው ባይ ነኝ።

የቀበና ልጅ

የጎዴ መንገድ፣ ያልከው ትክክል ነው፤ መነሳትም ነበረበት። በዚያው መንግሥት ዘመን ሕንድ በ1947 ነፃ መውጣቷን ብናነሳ እንኳ የኦጋዴንን ነገር አያስተካክለውም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ እዚያው አገር ይህንን በግልጽ የተቃወሙም ነበሩ። ሲልቪያ ፓንክኸርስት ከ1936 ጀምራ በምታሳትመው ጋዜጣዋ ፋሺስቶችን ስትዋጋ ኖራ፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ብዕሯን ወደ ራሷ መንግሥት አዞረች። በኦጋዴንና በኤርትራ ጉዳይ ሌበርንም አልማረችም። ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረችው እንዲሁ በነፃ አይደለም።

ነርሷ ከሊድስ ላነሳሽውም የሚገናኝ ነገር አለ። ልዕልት ፀሐይ አባቷ በባዝ በስደት ሳሉ ለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራለች። ያኔ ያ ሆስፒታል በለጋሽ የሚኖር የበጎ አድራጎት ቤት ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤቫን ወደ አገልግሎቱ ካስገባቸው አንዱ ነው። እሷ በ1942 በወጣትነቷ ስታርፍ ለመታሰቢያዋ አዲስ አበባ ላይ ለተሠራው ሆስፒታል እንግሊዝ አገር ገንዘብ ያሰባሰበችውም ሲልቪያ ናት።

ሳሮን

እኔ ግን ያልገባኝ፣ ይህን ሁሉ ሠርተው በ1951 ለምን ወደቁ? ሕዝቡ ደግሞ እነሱን ከዳቸው?

አንባቢው

እህቴ ሳሮን፣ እዚህ ላይ ከቀበና ልጅ ጋር እንስማማለን። በ1951 ሌበር ያገኘው ድምፅ ከ1945ቱ ይበልጣል፤ 13.9 ሚሊዮን ያህል። ወግ አጥባቂዎቹ 13.7 ሚሊዮን ገደማ። ወንበር ግን 321 ለ295 ሆነ። የሌበር ድምፅ በከሰልና በፋብሪካ ወረዳዎች ተከማችቶ ነበር፤ በአንድ ክልል ሰላሳ ሺህ ድምፅ አተረፍክ አንድ ወንበር ነው፣ በሌላው በመቶ ድምፅ ብትበለጥ ያም አንድ ወንበር ነው። ሊበራሎችም ገንዘብ አጥሯቸው በብዙ ቦታ ሳይወዳደሩ ቀሩ፤ የእነሱ ደጋፊ አብዛኛው ወደ ቀኝ ሄደ።

ውስጣቸውም ተሰነጠቀ። የኮሪያ ጦርነት መጣና የጦር መሣሪያ በጀት አበጠ፤ የሌበር የገንዘብ ሚኒስትሩ ጌይትስከል በ1951 በሰው ሠራሽ ጥርስና በመነጽር ላይ ክፍያ ጣለ። ቤቫን በዚህ ምክንያት ሥልጣኑን ለቀቀ። አገልግሎቱ ሲጀመር በአንድ ዓመት ውስጥ ከአምስት ሚሊዮን በላይ መነጽር ነበር የታደለው፤ ያን ያህል ሰው አጥርቶ ሳያይ ኖሯል ማለት ነው።

ቢሆንም ከመጀመሪያው ነጥቤ አልወጣም። ቸርችል በ1951 ሲመለስ አገልግሎቱን አላፈረሰም። በ1952 በመድኃኒት ማዘዣ ላይ አንድ ሺሊንግ ጨመረ፤ ከሞላ ጎደል ያው ነው። ብረታ ብረቱን ወደ ግል መለሰ፤ ከሰሉንና ባቡሩን አልነካም። ይህ እኔ የምለውን አያሳይም? ሁለቱም ወገን ወደዚያው ይሄዱ ነበር።

የቀበና ልጅ

እኔ የማነበው በተቃራኒው ነው። በ1946 ሁለቴ ተቃውመው ድምፅ የሰጡበትን ነገር በ1951 ሊነኩት ያልደፈሩት በመካከሉ ሦስት ዓመት ስለሠራ ነው። ያቺ ነርሷ የነገረችን እናት ከታከመች በኋላ ማን ደፍሮ ይቀማታል? ዕቅዱ ወረቀት ላይ እያለ ቢመረጡ ኖሮ የ1944ቱን ይዘው ይሄዱ ነበር፤ ሆስፒታሎቹም በለጋሽና በማዘጋጃ ቤት እንደተከፋፈሉ ይቀሩ ነበር።

ነርሷ ከሊድስ

አንድ ልጨምርና ወደ ሥራ ልግባ። የልጆች አበሉ፣ 5 ሺሊንግ ለሁለተኛውና ከዚያ በላይ ላለው ልጅ፣ በ1946 ሲጀመር የሚከፈለው ለእናት ነበር። መጀመሪያ ረቂቁ ለአባት ነበር ያለው፤ ኤሊኖር ራትቦን የምትባል የፓርላማ አባል ታግላ አስለወጠችው፤ ያም በቸርችል ጊዜ ነው፣ አንባቢው እንዳለው። ኢንሹራንሱ ግን ባለትዳር ሴትን በባሏ ጥገኛ አድርጎ ነው የጻፋት፤ ሙሉውን መዋጮ ካልከፈለች ጡረታዋ በእሱ በኩል ይታሰባል። ቤቨሪጅ እንደዚያ አቀደው፣ ሌበርም ሳይነካው አሳለፈው። ከሐኪም ቤቱ በር ላይ እኩል የሆነች ሴት ጡረታ ቢሮ ስትደርስ እኩል አልነበረችም።

መምህር ዘ

ልጄ ያነሳሽው ትልቅ ነው። ባለትዳሮቹ ዝቅ ያለውን መዋጮ እንዲመርጡ የሚፈቅደው አሠራር ለአዲስ ሰው የተዘጋው በ1970ዎቹ ነው፤ ብዙ ሴቶች በስተርጅና የራሳቸው ጡረታ ሳይኖራቸው የቀሩት በዚያ የተነሳ ነው። የቀበና ልጅ፣ ጊዜ ስታገኝ የከሰሉንና የባቡሩን መወረስ ለብቻው ክር ክፈትለት፤ በጃንዩዋሪ 1947 በየጉድጓዱ አፍ ላይ «ይህ ጉድጓድ ከእንግዲህ በሕዝብ ስም በብሔራዊ የከሰል ቦርድ ይተዳደራል» የሚል ሰሌዳ ሲቆም ሠራተኛው የጠበቀውና ኋላ ያገኘው ለየቅል ነበር፤ እዚያ ላይ እኔም የምለው አለኝ።